የጓዳው ክረምት

በከተማ አነጋገር ክረምት ማለት ዕረፍት ማለት ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ መምህራን የፈተና ወረቀታቸውን አርመው ያስረክባሉ፤ ተማሪው ደብተሩን አልጋ ሥር ይወረውራል፤ የቢሮው ሠራተኛም የዓመት ፈቃዱን ከዝናቡ ጋር ያያይዘዋል። በዋግ ኽምራ ተራሮች መካከል፣ በሰቆጣ፣ የቃሉን ትርጉም ለማወቅ የሚሻ ሰው ግን መዝገበ ቃላት ከሚያገላብጥ ወደ አንዲት እናት ጓዳ ጎራ ቢል ይሻለዋል። እዚያ ክረምት የሥራ ስም ነው፤ ያውም ደመወዝ ያልተቆረጠለት፣ ሰዓት ያልተመደበለት፣ ዶሮ ሲጮኽ ተጀምሮ የመጨረሻው ልጅ እንቅልፍ ሲወስደው እንኳ የማያልቅ ሥራ።

የዋግ ክረምት አጭር ነው። ዝናቡ በሰኔ ማብቂያ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ይገባና ነሐሴ ሲያልቅ ወይም መስከረም ሲጠባ ይወጣል። በዚችው ሁለት ወር ገደማ በምትሆን ጊዜ ውስጥ ማሽላው ተኮትኩቶ፣ ጤፉ ተዘርቶ፣ አረሙ ተነቅሎ የዓመቱ ዕጣ ይታወቃል። ባላገሩ ሰማዩን ሲያይ ይውላል፤ ሚስቱ ጎታውን ስታይ ታድራለች። ያለፈው ዓመት እህል ወደ ጎታው ወለል የሚወርደው የአዲሱ እህል ገና ቅጠል ሳለ ነው። እሸት ለመቅመስ መስከረምን፣ አዝመራ ለመሰብሰብ ጥቅምትና ኅዳርን መጠበቅ ግድ ይላል። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ከሴቲቱ ሥራ ሁሉ የሚከብደው ስሌቱ ነው፦ ስንት ጣሳ ቀረ? ስንት አፍ አለ? ስንት ቀን አለ? ይህ ስሌት በማናቸውም የትምህርት ቤት መጽሐፍ አልታተመም፤ ፊደል ያልቆጠረች የሰቆጣ ሴት ግን በጨለማ፣ በጣቷ ብቻ እየዳሰሰች ትሠራዋለች።

እዚህ የምትነሣው እናት በከተማዋ ዳርቻ የምትኖር ናት። ስሟን መጥራት አያስፈልግም፤ በዚያ ሰፈር ብዙ ሴቶች የራሳቸውን ታሪክ ሊያገኙበት ይችላሉና። ጊዜው የ2014 ዓ.ም. ክረምት ነው። ባሏ ከከተማው ወጣ ብላ ባለች ቁራሽ መሬት ያርሳል፤ እርሻ በማይኖርበት ቀን ድንጋይ ይሸከማል። አራት ልጆች አሏት፤ የመጀመሪያዋ የ13 ዓመት ልጃገረድ፣ ከዚያ የ9 እና የ6 ዓመት ወንዶች፣ ከዚያም ገና 11 ወር የሆነው ሕፃን። የባሏ እናት አብረዋቸው ይኖራሉ። ይህ ሰባት ነው። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ታናሽ እኅቷ ከአበርገሌ ተፈናቅላ መጣች። አራት ልጆች አስከትላለች፤ ትንሿ የ14 ወር ሕፃን ናት። ያረጁ አማቿንም በአህያ ጭና አምጥታለች። ባሏ የት እንዳለ አልታወቀም። ሰባቱ ዐሥራ ሦስት ሆኑ።

ጦርነቱ ሰቆጣ የደረሰው ባለፈው ክረምት፣ በ2013 ዓ.ም. ነበር። ከአበርገሌና ከጻግብጂ ወረዳዎች የተፈናቀለው ሕዝብ ከሰቆጣ ብዙም በማይርቀው በወለህ በመጠለያ ሠፈረ፤ ዘመድ ያለው ደግሞ ወደ ዘመዱ ቤት ገባ። ስለ መጠለያው ብዙ ተጽፏል፤ በፎቶግራፍም ታይቷል። ምልክት ያልተሰቀለበት፣ ጥበቃ ያልቆመበት፣ ዘወትር ከጎረቤት ብርድ ልብስ እየተበደረ ያስተናገደው ሌላው መጠለያ ግን የዘመድ ቤት ነው። ስለዚህኛው የተጻፈው ጥቂት ነው። ምናልባት ዘመድ ዘመዱን ማስጠለሉ ዜና ሆኖ ስላልታየ ይሆናል።

ቤቱ አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ ነው። የእኅቲቱ አማት በመደቡ ላይ፣ የባልየው እናት በአልጋው ላይ፣ ሁለቱ እኅትማማቾች ከሕፃናቱ ጋር በጓዳ፣ ወንዶቹ ልጆች በሰሌን ላይ በአንድ ጋቢ ሥር፣ ልጃገረዶቹ ከምድጃው አጠገብ ይተኛሉ። ባልየው ከበሩ ሥር ነው፤ ሌሊት ዝናብ ሲገባ መጀመሪያ የሚርሰው እርሱ ነው። እናቲቱ ግን የት እንደምትተኛ በትክክል የሚያውቅ ያለ አይመስልም። ልጆቹ ሲተኙ ቆማ ያዩዋታል፤ ሲነቁም ቆማ ያገኟታል።

የእንጀራውን ነገር እንውሰድ። በደኅናው ጊዜ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይጋገር የነበረው አሁን በየሁለት ቀኑ ይጋገራል። ማገዶው ርጥብ ነው። ርጥብ እንጨት አይነድም፤ ያለቅሳል፤ የሚያነድደውንም ያስለቅሳል። ጭሱ ጓዳውን ሲሞላው ሕፃናቱ ያስላሉ፤ ስለዚህ ታላቅዋ ልጅ አንዱን በጀርባዋ አዝላ፣ ሁለተኛዋን በክንዷ ይዛ ከበሩ ውጭ ከጣራው ክፈፍ ሥር ትቆማለች። ሊጡ በብርድ ምክንያት አልቦካ ይላል፤ ቡሃቃው ከምድጃው ጥግ ተጠግቶ እንደ ሕፃን በጨርቅ ይሸፈናል። ከማሽላው ላይ ጤፍ ለማማሰያ ያህል ጣል ይደረግበታል፤ የዕርዳታ ስንዴ በመጣበት ወር ስንዴው ይቀላቀላል። በዘገየበት ወር እንጀራው ይሳሳል፤ ምጣዱ ያው ሆኖ እንጀራው የሚሳሳበትን ጥበብ እናቶች ያውቁታል።

ለክረምቱ የሚመሰገንበት አንድ ነገር አለው፤ ውኃ። በበጋ በጀሪካን ከሩቅ የሚመጣው አሁን ከቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ወደ ባልዲ ይወርዳል። እጥበቱ ሁሉ የሚሠራው በዚህ ውኃ ነው። ማድረቁ ሌላ ጣጣ ነው፤ የዐሥራ ሦስት ሰው ልብስ ታጥቦ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ይወጣል፤ ደመና በመጣ ቁጥር ይገባል። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ከአበርገሌ ከመጣው እኩያው ጋር ፍየሎች ይዞ ይወጣል። ከመኼዳቸው በፊት በአንዲት የፕላስቲክ ጫማ ይጣላሉ፤ ሲመለሱ ደግሞ አንዱ ሌላውን ካልጠበቀ አይበላም። በኽምጣና ይሰዳደባሉ፤ ትምህርት ቤት የተማሯትን አማርኛ የሚያወጧት ለቁም ነገር ነው። ሽማግሌው ከመደባቸው ሳይነሡ የሁሉንም ጠብ ይዳኛሉ። ፍርዳቸው ግን አይጸናም።

ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ገባ።

የፍልሰታ ጾም የልጆችም ጾም ነው። ሰባት ዓመት የሞላቸው ሁሉ እስከ ቅዳሴ መውጫ ውኃ ሳይቀምሱ ይቆያሉ፤ ቆርበው ሲመለሱም ፊታቸው ያበራል። በዚያ ዓመት በዚያ ቤት ጾሙን ከእጦቱ መለየት አዳጋች ነበር። ባልየው «ዘንድሮስ ጾሙ ሐምሌ ላይ ነው የገባው» ቢል ሽማግሌው ሳቁ፤ የባልየው እናት ግን ተቆጡ።

ችግሩ የመጣው ከሕፃናቱ ነው። በሐምሌ መጨረሻ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየቤቱ ዞራ ነበር። ሦስት ቀለም ባለው መለኪያ የሕፃናቱን ክንድ ለካች። የወንዱ ሕፃን አረንጓዴው ላይ ዋለ፤ ያውም ለጥቂት። የእኅቲቱ ልጅ ቢጫው ላይ ዋለች። ከቢጫው በታች ያለው ቀይ ነው፤ እዚያ ደግሞ የልጅ ክንድ ውፍረቱ 11 ሴንቲሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ሠራተኛዋ ገንፎው እንዲወፍር፣ በቀንም ደጋግሞ እንዲሰጥ፣ ቢቻል ለእያንዳንዳቸው በቀን አንድ እንቁላል እንዲጨመር መክራ ወደ ቀጣዩ ቤት ሄደች።

እዚህ ላይ የሰቆጣ ስም ከከተማዋ አልፎ የታወቀበትን ጉዳይ ማንሣት ተገቢ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዓለም አቀፍ የልማት ፋይናንስ ጉባኤ በተካሄደበት ሰሞን የኢትዮጵያ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ እንዲወገድ ቃል ገባ። ሰነዱም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። መቀንጨር ማለት ልጅ በምግብ እጦት ቁመቱ ከዕድሜው በታች መቅረቱ ነው፤ ጉዳቱም በቁመት አያበቃም፣ ወደ አእምሮም ይዘልቃል። ሐኪሞች ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ያሉትን አንድ ሺህ ቀናት አጥብቀው የሚቆጥሩት በዚያ ጊዜ የጎደለውን በኋላ መመለስ እጅግ ስለሚያስቸግር ነው። ቃል ኪዳኑ ትልቅ ነው። በዚያ ጓዳ ሲደርስ ግን ወደ አንዲት እንቁላል ይወርዳል።

ሁለት ዶሮዎች ነበሩ። ተስማምተው ቢጥሉ ሁለት እንቁላል፣ አብዛኛውን ቀን ግን አንድ። እስከዚያ ድረስ እንቁላሉ አይበላም፤ ተጠራቅሞ ማክሰኞ ገበያ ወጥቶ ጨውና ሳሙና ይሆናል። ከዚህም ሌላ ጊዜው ፍልሰታ ነው። ሕፃን አይጾምም፤ ይህን ቀሳውስቱም ይናገራሉ። ነገር ግን እንቁላል የተቀቀለበት ድስት የጾመኛ ሽሮ አይሠራበትም። የአንድ ቤት ድስት አንድ ከሆነ የሕፃኑ ምግብ ከቤቱ ሁሉ ጾም ጋር ይጋጫል። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች በኢትዮጵያ ደጋዎች ባደረጓቸው ጥናቶች እናቶች በጾም ወራት ለሕፃናት የእንስሳት ተዋፅኦ የማይሰጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው የዕቃ ጉዳይ መሆኑን ደጋግመው አግኝተውታል። በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የተጻፈ መመሪያ ስለ ድስት እምብዛም አያስብም።

እናቲቱ በመጀመሪያው ቀን ያደረገችው የሚያስመሰግን አልነበረም። እንቁላሉን ከጎረቤት በተዋሰችው ቆርቆሮ ቀቀለች፤ የጓዳውን መጋረጃ ጣለች፤ በገንፎ ለውሳ ለራሷ ልጅ አበላችው። በሰቆጣ እንግዳ ተደብቆ መብላት ከስርቆት የማይሻል ነውር ነው፤ የሚበላው ሕፃን መሆኑም ነውሩን አያስቀረውም። እኅቷ ልብስ ልታነሣ ስትገባ አየቻት። ምንም አላለችም። ልጇን አዝላ፣ ዝናብ እያካፋ፣ እንጨት እለቅማለሁ ብላ ወጣች፤ እስከ ማታም አልተመለሰችም።

ያ ሌሊት እንዴት እንዳለፈ በቤቱ ያወራው የለም። በማግስቱ ጠዋት እናቲቱ እኅቷን ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ሁለቱንም ሕፃናት በሁለት ጉልበቷ ላይ አደረገች። እንቁላሏን ለሁለት ከፍላ አንዱን ማንኪያ ወደዚህ፣ አንዱን ማንኪያ ወደዚያ ማጉረስ ጀመረች። እኅቷም «እታለም፣ ለወንዱ ይሁን፤ የእኔዋ ጡት አለላት» አለች። ጡቱ እንደደረቀ ሁለቱም ያውቁ ነበር። እናቲቱ ማጉረሷን ቀጠለች። ግማሽ እንቁላል ለማንኛቸውም እንደማይበቃ ከእርሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ለአንዱ ሙሉውን ሰጥቶ ሌላውን ማየት ግን የምትችለው ነገር አልሆነም። ይህን ስሌት የሚፈታ ሰው ካለ መልሱን ለሰቆጣ እናቶች ቢነግራቸው ውለታ ይሆናል።

የባልየው እናት ከአልጋቸው ሆነው ሁሉን ሲያዩ ቆዩ። ጾም አጥባቂ ናቸው። ከተነሡ በኋላ ከአልጋው ሥር የዕርዳታ ዘይት የመጣበትን ጣሳ አወጡ፤ በአሸዋ ፈገፈጉት፤ ጠርዙን በድንጋይ ቀጥቅጠው አለሰለሱትና ከምድጃው አጠገብ አስቀመጡት። «ይኸው የልጆቹ ድስት። የፍልሰታውን ድስት እንዳታስነኩብኝ» አሉ። ከዚያም ለማንም ሳይናገሩ ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ። ሲመለሱ ከክርስትና ልጃቸው ቤት ሦስት እንቁላል በጨው ከረጢት ይዘው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሁለት ሦስት ቀኑ እንዲህ ይወጡ ነበር። ለምነው ይሁን ተበድረው፣ ማንም የጠየቃቸው የለም።

እኚህ ሴት በ1977 ዓ.ም. ከዋግ ወደ ኮረም በእግራቸው ከሄዱት አንዷ ናቸው። ሁለት ልጆች ይዘው ሄደው ከአንዱ ጋር ተመለሱ፤ ያ አንዱ ዛሬ በበሩ ሥር የሚተኛው ባልየው ነው። ስለ ሌላው አይናገሩም።

የኮረም ምስል በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለምን ዞረ። ካሜራው የያዘው መሐመድ አሚን፣ ዘገባውን ያቀረበው ማይክል ቡርክ ነበር። ያ ምስል ብዙ እህል እንዳስመጣና የብዙ ሰው ነፍስ እንዳዳነ የሚካድ አይደለም። ሆኖም የዚህን ምድር እናት ለዓለም የተቀመጠች አድርጎ አስተዋወቃት፦ እጇን በጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ዓይኗን ወደ ሩቅ ጥላ። ሠዓሊዎቻችን ያንኑ አቀማመጥ ተቀበሉ። በመድረካችንም ላይ እናት ስትገባ ወይ ታለቅሳለች ወይ ትጸልያለች፤ ስትቆጥር፣ ስትዋሽ፣ ከእኅቷ ስትደብቅ፣ በማግስቱም ስታፍር የሚያሳያት ተውኔት ጥቂት ነው። ወደ ኮረም የደረሰችው ሴት ከመቀመጧ በፊት ስንት ቀን እንደተጓዘች፣ በመንገድ ላይ ማንን ቀድማ እንዳበላች፣ ማንን እንዳስከተለች ካሜራው ሊያይ አይችልም ነበር። የኪነ ጥበብ ሰው ግን ሊያየው ይገባ ነበር።

ነሐሴ 13፣ የቡሄ ዕለት፣ ወንዶቹ ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ ዋሉ፤ ማታ ከየቤቱ በር ላይ ሊጨፍሩ ወጡ። ለሚመጡት ጨፋሪዎች ሙልሙል ያስፈልጋል። ዱቄቱ የሦስት ቀን እንጀራ ነበር። ተጋገረ፤ ከዚህ በላይ የሚነገር የለውም። በምትኩ የራሷ ልጆች ከየቤቱ ያመጡት ሙልሙል ከወጣው በሁለት በልጦ ተገኘ፤ ይህም እናቲቱን ለሁለት ቀን አስደሰታት።

ጾሙ ተፈትቶ ነሐሴ 16 ቀን ሻደይ ገባ። በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ የሚባለው የልጃገረዶች በዓል በዋግ ሻደይ ይባላል፤ ስሙም በወገብ ዙሪያ ከሚታሰረው ረጅም ለምለም ቅጠል የመጣ ነው። ልጃገረዶቹ ጠጉራቸውን ተሠርተው፣ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ ከበሮ እየመቱ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። እስከ ነሐሴ 21 ድረስ ልጃገረድን ወደ ሥራ የሚጠራት የለም። ለእናቶች ደግሞ ይህ ማለት ስድስት ቀን ያለ ረዳት ማለት ነው።

የ13 ዓመቷ ልጅ ክረምቱን ሙሉ ሁለት ሕፃን ስትሸከም ከርማለች። ስለ በዓሉ አንድ ቃል አላነሣችም፤ አለማንሣቷ ነው እናቷን ያስጨነቃት። አንድ ችግር ነበር፤ ቀሚሱ አንድ ነው፤ የአበርገሌዋ የአክስት ልጅም 12 ዓመቷ ነው። እናቲቱ ከሣጥኗ የሠርጓን ቀሚስ አወጣች። ሌሊቱን በኩራዝ ብርሃን ጫፉን አሳጠረች፤ ጥበቡን ግን አልቆረጠችም፤ ወደ ውስጥ አጥፋ ሰፋችው። ጠዋት ሁለቱም ልጆች ወገባቸውን በሻደይ ታጥቀው ወጡ። የዚያን ዕለት ሕፃናቱን ያዘለው የስድስት ዓመቱ ልጅ ነበር፤ በተራ በተራ፣ እያለቀሰ።

በሦስተኛው ቀን፣ ነሐሴ 18፣ ጦርነቱ በቆቦ አቅጣጫ እንደገና መቀስቀሱ ተሰማ። ወሬው ሰቆጣ ሲደርስ ከበሮው ወዲያው አልቆመም፤ ከሰፈር ወደ ሰፈር እየቀነሰ ሄደ። ልጃገረዶቹ ቅጠላቸውን ሳይፈቱ ወደ ቤታቸው ገቡ። የአበርገሌዋ ልጅ ቀሚሱን አውልቃ፣ አጥፋ፣ ለአክስቷ መለሰች። «ስንሄድ እንዳይጠፋ» አለች። የሚሄዱ ስለመሆናቸው ማንም የነገራት ሰው አልነበረም።

ያን ሌሊት እናቲቱ ሽምብራና ገብስ ቆላች። ለዘር ካስቀመጠችው ነው የቆላችው፤ መሬቱ ለመታየቱ ዋስትና ሳይኖር ዘር ማስቀመጥ ትርጉም አላገኘችለትም። ባሏ ሊናገር አፉን ከፍቶ ተወው። እኅቷ ትወቅጣለች፣ እርሷ ትነፋለች፤ ሊነጋ ሲል አንድ ከረጢት በሶና አንድ ከረጢት ቆሎ ታስሮ ከበሩ ኋላ ተሰቀለ። ማን ማንን እንደሚያዝል፣ ሽማግሌውን ማን እንደሚደግፍ፣ አህያዋ ምን እንደምትጭን ተነገረ። የባልየው እናት ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ «እኔን አትቁጠሩኝ፤ ኮረምን አውቃታለሁ» ብለው ወደ አልጋቸው ተመለሱ። እናቲቱ ግን ቆጠረቻቸው። ለእርሳቸው የሚሆን ነጠላ ጫማ ከከረጢቱ ጋር አሰረች።

ቀኑ አለፈ፤ ሳምንቱም አለፈ። ወሬው አንዴ ይቀርባል፣ አንዴ ይርቃል። ከረጢቶቹ እንደተሰቀሉ ቆዩ።

ጳጉሜን 3፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ልጆቹ እንደ ልማዱ በጠበሉ ዝናብ ሊጠመቁ ልብሳቸውን ጥለው ወደ ግቢው ወጡ። ሁለቱ ሕፃናትም በሁለቱ እኅትማማቾች ክንድ ላይ ሆነው ረጠቡ። ባለፈው ሰሞን ሠራተኛዋ ደግማ ለክታቸው ነበር፤ የወንዱ አረንጓዴው ላይ እንደዋለ ነው፤ የሴቷ ቢጫው ላይ ናት፤ ነገር ግን ወደ አረንጓዴው ተጠግታለች። «በዚሁ ቀጥሉ» ብላለች ሠራተኛዋ። በምን እንደሚቀጠል አልተናገረችም።

እናቲቱ ልጆቹን እያደረቀች ወደ ቤት ስታስገባ ከበሩ ኋላ ያለውን የቆሎ ከረጢት ነካ አደረገችው። ቀለላት። ፈትታ ብታየው ከግማሽ በታች ወርዷል። ዘወር ብላ ተመለከተች፤ ከስድስት እስከ ዐሥራ ሦስት ዓመት ያሉት ሁሉ፣ የርሷም የእኅቷም፣ በአንድ ጋቢ ሥር ተኮልኩለው ወደ ጣራው ያያሉ። የስድስት ዓመቱ ጉንጭ ይንቀሳቀሳል።

እኅቷን «ምጣዱን ጣጂው» አለቻት። ከጎታው ሥር ሁለት ጣሳ ሽምብራ ጠርጋ አወጣችና ለመቁላት ተቀመጠች።